እትዬ ጠጋ በሉ አባል ሲመዘግቡ

ሰፈር የሚባል ነገር እስካለ ድረስ መዝጋቢ አይጠፋም። መዝጋቢ ስል መሥሪያ ቤት ተቀምጦ ማኅተም የሚመታውን ማለቴ አይደለም። ማንም ያልቀጠረው፣ ማንም ያልላከው፣ ደብተር በብብቱ ሸጉጦ የሚዞር፣ ቆሞ የሚያስብ ሰው ሲያይ «ይኼ ሥራ ፈቷል» ብሎ የሚደመድም ፍጡር ነው የምለው። እናንተም ታውቁታላችሁ። ምናልባትም ስማችሁ ደብተሩ ላይ ከሰፈረ ዓመታት አልፈዋል፤ የምን አባል እንደሆናችሁ ግን እስከ ዛሬ የነገራችሁ የለም። አትደንግጡ። ብዙ ነን።

የኛ ሰፈር መዝጋቢ ክብርት እትዬ ጠጋ በሉ ናቸው። እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ እሱን የሚያውቀው ግን መታወቂያቸው ብቻ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ በከተማ አውቶቡስ ላይ ቲኬት ቆርጠዋል። በነዚያ ዓመታት ሁሉ «ሞልቷል» የሚል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም።

«የሞላ አውቶቡስ አላየሁም» ይላሉ። «ያየሁት በር ላይ የሚገተር ሰው ነው። ከኋላ ባዶ ነው! ጠጋ፣ ጠጋ በሉ!»

አንድ ጊዜ ቁም ሳጥን የተሸከሙ ሁለት ሰዎችን አሳፍረው፣ ቦታ ሲጠብ ሦስተኛ ተሳፋሪ ቁም ሳጥኑ ውስጥ አስገብተዋል ይባላል። እኔ አላየሁም፤ ግን አላስተባብልም። ቁም ሳጥኑን የሠራሁት እኔ ነኝ። ሰው ይይዛል።

ጡረታ ሲወጡ መሥሪያ ቤቱ ቦርሳቸውንና የደንብ ልብሳቸውን ተረከበ። ድምፃቸውን መረከብ ግን ረሳ። ለሰባ ሰው ተብሎ የተሠራ ድምፅ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ እስቲ አስቡት። ባለቤታቸው ጆሯቸው የደከመው በዕድሜ ነው ይባላል። እኔ በዕድሜ አይመስለኝም።

ይህን ድምፅ ይዘው ነው እንግዲህ ማኅበራችን ውስጥ የገቡት፤ ሲገቡም የአባላት ጉዳይ ኃላፊ ሆኑ። ማን እንደመረጣቸው አልተጣራም። ማኅበራችን «ጠያቂ ለሌላቸው ሕሙማን የበጎ ፈቃድ ጠያቂዎች ማኅበር» ይባላል። ስሙ ከሰልፋችን ይረዝማል። ሥራችን ቀላል ነው፤ ከሰፈራችን በላይ ካለው ሆስፒታል እየሄድን፣ ዘመድ ወዳጅ ብቅ ያላለበት ሰው አልጋ አጠገብ መቀመጥ። ውኃ ማቀበል፣ ብርቱካን መላጥ፣ እጁ ለደከመው ማጉረስ፣ ነርስ መጥራት፣ ወሬ መስማት። ጨዋታ የማይችል አባል ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ይኼኛው እንዲያውም በጣም ይፈለጋል።

አባላቱ አሥራ አንድ ነበርን። ሁለቱ ራሳቸው አልጋ ላይ ውለዋል። ሊቀ መንበራችን ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ ስብሰባ ሲጀመር ይተኛሉ፣ ድምፅ ሲሰጥ ይነቃሉ፣ ሁልጊዜም ይደግፋሉ። ጸጉር አስተካካዩ አለ። ጥቂት ደጋግ እናቶች አሉ። በሦስት ዓመት ውስጥ የታወቅነው እዚህ ድረስ ነው፤ የሆስፒታሉ ዘበኛ እንኳ ባየን ቁጥር «እናንተ ደግሞ የማን ናችሁ?» ይለን ነበር።

እኔ ጸሐፊ ነኝ። ሹመቴ የተፈጸመው በር እየላግሁ ሳለ ነው። እትዬ ሱቄ ደጃፍ ላይ ቆሙ።

«አንተ አናጢ፣ ጽሑፍህ ያምራል አሉ።»

«ማን አለ?»

«እኔ አልኩ። በሩ ላይ የጻፍከውን ቁጥር አየሁት። ከዛሬ ጀምሮ ጸሐፊ ነህ።»

ፊደልን ዘግይቶ የለመደ ሰው ጽሑፍህ ያምራል ሲባል አንጀቱ ይርሳል። ግን ክብሬን ጠብቄ አንድ ነገር ቁርጥ አድርጌ ተናገርኩ፤ ጸሐፊ ሥራው ወረቀት ነው፣ ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ፣ የሕሙማን ክፍል ግን አልገባም። እትዬ ትንሽ አዩኝና «ጸሐፊ ነው ያልኩህ፤ ሌላ ምን አልኩ?» ብለው ሄዱ። እንደዚያ ሆኖ ኖረ። ሌሎቹ ደረጃውን ሲወጡ እኔ ግቢው ውስጥ ካለችው ዛፍ ሥር ተቀምጬ ወረቀት አስተካክላለሁ። የሚስተካከል ወረቀት ባይኖርም አስተካክላለሁ።

ነገሩ የመጣው በወሩ መጀመሪያ ነው። የሁለተኛው ፎቅ ኃላፊ ሲስተር ቢሯቸው አስጠሩን። እስክርቢቶ ጸጉራቸው ውስጥ ሰክተው የሚዞሩ፣ ቀጭን፣ ቆፍጣና ሴት ናቸው።

«እናንተን ጠልቼ አይደለም» አሉ። «አዲስ መመሪያ ወጥቷል። ከመጠየቂያ ሰዓት ውጪ ክፍል የሚገባ ማኅበር ሠላሳ አባል ሊኖረው ይገባል።»

«አለን» አሉ እትዬ።

«የታሉ?»

«ይመጣሉ።»

«ሲመጡ እናያለን። ሠላሳ ሰው፣ በአካል፣ አልጋ አጠገብ ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ እኔ ፊት የፈረመ። የወሩ መጨረሻ አርብ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መዝገቡን እዘጋለሁ። ካልሞላችሁ የመግቢያ ባጁን ትመልሳላችሁ።»

ባጁ ቢመለስ የሚሆነው ግልጽ ነበር። በመጠየቂያው ሰዓት ዘበኛው የሚያስገባው የታማሚ ስም የሚጠራ ዘመድ ነው። እኛ የምንቀመጥላቸው ደግሞ ስማቸውን የሚጠራ የሌላቸው ናቸው። ምሳ በስድስት ሰዓት ይመጣል፤ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሳህኑን ዝም ብሎ ያየዋል፤ ሠራተኛዋ ትመጣና «ዛሬም አልራበህም?» ብላ ታነሳዋለች። እንዲህ ያለውን ሳህን እትዬ በዓይናቸው አይተዋል። ከቢሮው ስንወጣ ሊቀ መንበሩ ግድግዳ ተደግፈው «ሠላሳ ከየት ይመጣል?» አሉ።

«ሠላሳ?» አሉ እትዬ። «ይኼማ ግማሽ አውቶቡስ ነው!»

በማግስቱ ዘመቻው ተጀመረ። ከሰፈራችን ሰላም የጠፋውም ያን ቀን ነው።

መጀመሪያ የተያዘው የጸጉር አስተካካዩ ቤት ነው። አንድ ጎልማሳ ግማሽ ፊቱ ሳሙና፣ ግማሹ ምላጭ ሥር ሆኖ ተቀምጧል። እትዬ መጥተው ፊት ለፊቱ ቆሙ።

«ወንድሜ፣ እሁድ ምን ትሠራለህ?»

«እእ…»

«አትናገር፣ ምላጩ ይቆርጥሃል። በራስህ ነቅንቅልኝ።»

«ራሱንም ከነቀነቀ ይቆርጠዋል» አለ ጸጉር አስተካካዩ።

«እንግዲያው ተስማምቷል» ብለው ጻፉት።

ከዚያ ዳቦ ቤት። ከሰልፉ ጭራ ተነሥተው አንድ በአንድ እየመዘገቡ ወደ ፊት መጡ። «ሰልፍ ይያዝ እንጂ!» እያለ የጮኸውን ሁሉ መዘገቡት። አሥራ ዘጠኝ ሰው ጽፈው ሲያበቁ ራሳቸውን መስኮቱ ጋ አገኙት፤ ዳቧቸውን ይዘው ወጡ። እስከ ዛሬ ድረስ ያ ነገር በጎ ፈቃድ ይሁን ተራ መዝለል የሚከራከሩ ሰዎች አሉ።

ቀጥሎ ውኃ መሥሪያ ቤት ሄዱ። ቆጣሪያቸው ከተበላሸ አራት ወር ሆኖታል። በመስኮቱ ውስጥ የተቀመጠው ጸሐፊ ቀና ሳይል «ነገ ተመለሱ» አላቸው።

«እመለሳለሁ፣ የኔ ጌታ። ስምህን ማን ልበል?»

ሰውየው ቀና አለ። «ስሜን ለምን?»

«ለመዝገብ።»

«የምን መዝገብ?» ፊቱ ዐመድ መሰለ። «እናቴ፣ እዚያ ፀሐይ ላይ ምን ያቆምዎታል? ይግቡ፣ ይቀመጡ፣ ዛሬውኑ እንጨርሰዋለን!»

ቆጣሪው የዚያኑ ቀን ተጠገነ። ሰውየውም ተመዘገበ። የተመዘገበው ለምን እንደሆነ ሲነገረው ከእፎይታ ብዛት ሊያቅፋቸው ምንም አልቀረው።

ያልተሳካላቸው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የመብራት ኃይሉ ሠራተኛ። እሱ ሲመጡ አይቶ ምሰሶ ላይ ወጣ። እትዬ ምሰሶው ሥር ቆመው አንጋጠጡ። «መውረድህ አይቀርም!» አሉት። አንድ ሰዓት ተኩል ቆሙ። ሰውየው በኋላ እንደነገረን ያን ቀን የዚያን መንገድ መብራት እንደገና ከሥሩ ሠርቶታል፤ የሚሠራ ነገር ስላልነበረ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ደብተሩ መቶ አርባ ስም ያዘ። እትዬ እንደ ሠርግ ሽማግሌ ኮሩ። ከመቶ አርባው ውስጥ ሆስፒታል የመጣው ስንት ነው? ማንም። አንድም ሰው። እኔ ይህን አስቀድሜ አውቄው ነበር፤ እትዬን የሚያህል ሰው ፊት ለፊት ሲቆም «እሺ» ማለት ከፊት ዘወር እንዲሉ ብቻ ነው። የተናገረውም ሰው ማዕዘኑን ሲታጠፍ ይረሳዋል።

«ሰዉ አባል ሆኗል» አልኳቸው፣ «ምን እንደምንሠራ ግን አያውቅም። ማስታወቂያ ያስፈልገናል።»

«ጻፍ» አሉ።

ሦስት ቀን ለፋሁበት። እንዲህ ይላል፤ «ክቡራንና ክቡራት የሰፈራችን ነዋሪዎች ሆይ፤ ጠያቂ ያጡ ሕሙማን ወገኖቻችንን በመጎብኘት ሰብዓዊ ግዴታችንን እንወጣ ዘንድ በታላቅ ትሕትና እናሳስባለን።» እትዬ ወረቀቱን ራቅ አድርገው ይዘው እስከ መጨረሻው አነበቡት።

«አንተ አናጢ።»

«አቤት።»

«ይኼን አንብቦ የሚጨርስ ሰው ሆስፒታል ሲደርስ በሽተኛው ድኖ ቤቱ ገብቷል።»

«ጨዋ አጻጻፍ ነው።»

«ጨዋ ነው። ማን ያነበዋል? ያዝ፣ እኔ ልንገርህ ጻፍ።» ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። «እሁድ ስምንት ሰዓት ላይ ሥራ የለህም። እናውቃለን።»

«እናውቃለን ይሰድባል።»

«ሲሰድብ ነው የሚነበበው። ጻፍ። ሆስፒታል፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ የወንዶች ክፍል። አንድ ሰው ብቻውን ተኝቷል። ና፣ አጫውተው።»

አርባ ቅጂ በእጄ ጻፍኩ። ያን ያህል ያፈርኩበት ጽሑፍ የለም፤ ያን ያህል የተነበበም ጽሑፍ የለኝም። ዳቦ ቤት ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፣ ጸጉር ቤቱ መስተዋት ላይ ተለጠፈ፣ ያልተለጠፈበት አጥር አልቀረም። ሰው ቆሞ ያነባል፣ ይቆጣል፣ ይስቃል፣ ሌላ ሰው ጠርቶ ያስነብባል። አንዱ ከሥሩ በእርሳስ «እኔ ሥራ አለኝ» ብሎ ጻፈበት። በማግስቱ በእትዬ እጅ ጽሑፍ ከሱ ሥር «ቅዳሜስ?» የሚል ተጨምሮ አገኘሁት።

እሁድ ደረሰ። እኔ እንደ ልማዴ ከዛፏ ሥር ተቀምጬ ወረቀቴን አስተካክላለሁ። ስምንት ሰዓት ሲሆን በግቢው በር ሰው ገባ። ደግሞ ሌላ። ደግሞ ሦስት አንድ ላይ። ያ ግማሽ ፊቱን የተላጨው ጎልማሳ፣ ሁለቱንም ተላጭቶ። የውኃ መሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ከባለቤቱ ጋር፣ ብርቱካን ተሸክመው። ሃያ ሁለት ቆጠርኩ። ደረጃውን ተንጋግተው ወጡ። ከዚህ በኋላ ያለውን የምነግራችሁ ጸጉር አስተካካዩ እንደነገረኝና እኔም በመስኮቱ በኩል እንደሰማሁት ነው፤ እንደ እውነቱ ከሆነ ያን ቀን ያልሰማ የሰፈር ሰው የለም።

ማስታወቂያው «አንድ ሰው ብቻውን ተኝቷል» ነው የሚለው። ስለዚህ ሃያ ሁለቱም ያንን አንድ ሰው ሊጠይቁ ነው የመጡት። ክፍሉ ውስጥ አሥራ ሁለት አልጋ አለ። በሩ ጋ ያለውን የመጀመሪያውን አልጋ እንዳዩ «እሱ ነው!» ብለው ከበቡት። አልጋ አንድ የተኛው ደግሞ አንድ ልብስ ሰፊ ነው፤ የሚስት፣ የሰባት ልጆችና የአንዲት አማት ባለቤት። ቤተሰቡ ገና መውጣቱ ነበር፣ እሱም ዓይኑን ገና መክደኑ። ሲገልጥ ሃያ ሁለት የማያውቃቸው ፊቶች ቁልቁል ያዩታል። አንዱ ትራሱን ያመቻቻል፣ አንዷ ብርቱካን ትልጣለች፣ የውኃ መሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ እጁን ይዞ ዓይኑ እንባ አቅርሮ «አይዞህ ወንድሜ፣ ከእንግዲህ ብቻህን አይደለህም» ይለዋል።

«እሱ እኮ ነው ችግሬ!» ብሎ ጮኸ ልብስ ሰፊው። «ዘመድ ሞልቶኛል! እንቅልፍ ነው ያጣሁት! ሲስተር! ኧረ ሲስተር!»

የቀሩት አሥራ አንድ አልጋዎች ከወዲያ ሆነው ያያሉ። ማንም ወደነሱ ዞር አላለም። አንዱ ሽማግሌ ቀና ብሎ ነበር፣ ተመልሶ ተኛ።

ያን ጊዜ እትዬ ጠጋ በሉ በሩ ላይ ደረሱ። ሁኔታው ባንድ እይታ ገባቸው። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ያዩት ነገር ነው።

«ምን በር ላይ ትገተራላችሁ!»

ግቢው ውስጥ እኔ ወረቀቴን ጣልኩ።

«ከኋላ ባዶ ነው! ጠጋ፣ ጠጋ በሉ! አንተ ባለ ኮፍያው፣ አልጋ አራት! የኔ እመቤት፣ ብርቱካኑን ይዘሽ መስኮቱ ጋ! አልጋ ሰባት ማን አለ? ማንም የለም! እናንተ ባልና ሚስት ምን ተጣብቃችሁ ትቆማላችሁ፣ ቤታችሁ ትገናኛላችሁ፣ አንዳንድ ሰው ያዙ! ወደ ውስጥ! ወደ ውስጥ!»

በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሁሉም አልጋ ሰው አገኘ። ልክ ፀጥ ሲል፣ ሳምንት ሙሉ ቃል ያልተነፈሰው አልጋ ዘጠኝ ያለው ሰውዬ ከብርድ ልብሱ ሥር ብቅ ብሎ «ወራጅ አለ!» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የተሰፋ ሆዱን ይዞ የሚስቅ፣ «አታስቁኝ፣ ያመኛል» እያለ የሚስቅ፣ ምን እንደተባለ ሳይሰማ የሚስቅ።

ሲስተር እየሮጡ ደረሱ። «ይኼ ሆስፒታል ነው ወይስ መናኸሪያ?» ብለው በሩ ላይ ቆሙ። ትንሽ ቆይተው እስክርቢቷቸውን ከጸጉራቸው መዘዙና ሰዓታቸውን አዩ። «ግማሽ ሰዓት» አሉ። «ከዚያ በፊት የተነሣ አይፈርምም።»

አራቱ ሲስተር ዞር ሲሉ ደረጃውን ወርደው ጠፉ። አሥራ ስምንቱ ፈረሙ። ከነባሮቹ ደግሞ ከሁለቱ በሽተኞችና ከኔ በቀር ስምንቱ አስቀድመው ፈርመዋል፤ ሃያ ስድስት ሆነ። በቀጣዮቹ ቀናት ዳቦ ሻጯ መጣች። የመብራት ኃይሉ ሠራተኛም ከምሰሶው ወርዶ መጣ፤ ዕድሜ ልኩን ተሰቅሎ መኖር አይችልማ። ሦስተኛዋ የልብስ ሰፊው አማት ነች፤ «እኔ እያለሁ የኔን አማች ማን ነው የጠየቀው?» ብላ እየተቆጣች መጥታ፣ እየተቆጣች አልጋ አምስት አጠገብ ተቀመጠች፣ እየተቆጣች ፈረመች። ሃያ ዘጠኝ።

ከዚያ ነጥፎ ቀረ። የመጨረሻው ሳምንት ማክሰኞ ማንም አልመጣም። ረቡዕ ማንም። ሐሙስ ዝናብ ዘነበ። አርብ ዐሥር ሰዓት ላይ አራታችን፣ ሊቀ መንበሩ፣ ጸጉር አስተካካዩ፣ እትዬና እኔ፣ ግቢው ውስጥ ተቀምጠን በሩን እናያለን። መዝገቡ ሊዘጋ አንድ ሰዓት ቀርቶታል፤ ግማሽ ሰዓት መቀመጥ ደግሞ ግዴታ ነው።

«አንድ ሰው» አሉ ሊቀ መንበሩ። ያን ቀን አልተኙም። «አንድ ሰው ጎደለን።»

ጸጉር አስተካካዩ ቀስ ብሎ ወደኔ ዞረ። «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ እስካሁን…»

«እሱ ጸሐፊ ነው!» እትዬ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። ከመንገድ ማዶ ሰው ዞሮ አየ። «ጸሐፊ ከገባ ማን ሊጽፍ ነው? አንተ? ያንተን ጽሑፍ እንኳን ሰው ሐኪም አያነበውም! አርፈህ ተቀመጥ!»

ሻርፓቸውን አጥብቀው በግቢው በር ወጡ። ከውጭ ድምፃቸው ይሰማናል። «ወንድሜ! ግማሽ ሰዓት አለህ? የለኝም? እንዴት አይኖርህም፣ ቆመህ አይደል ወይ! … የኔ እመቤት! የኔ እመቤት፣ አትሩጪ!»

ወረቀቴን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ያን ድምፅ ሳደምጥ አንድ ነገር ገባኝ። ምላጭ ሥር ያለ ሰው የማይምሩ፣ ምሰሶ ላይ የወጣ ሰው ቆመው የሚጠብቁ ሴት፣ ሦስት ዓመት ሙሉ እስከዚያ ደረጃ ድረስ አብረውኝ ሲመጡ አንድ ቀን እንኳ «ግባ» አላሉኝም። አንድ ቀን። ዛሬም፣ ባጁ ሊወሰድ አንድ ሰው ሲጎድል፣ እኔን ከሚጠይቁ መንገድ ላይ የማያውቁትን ሰው ማሳደድ መረጡ።

ምክንያቱን ያውቁታል። ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ታላቅ ወንድሜን መሰላል አዋስኩት፣ አንድ እርከኑ ተሰብሮ ተመለሰ። ሰበርከው አልኩ። ተሰብሮ ነው የሰጠኸኝ አለ። በዚሁ አራት ዓመት ተኮራረፍን። ሲታመም እዚሁ ሆስፒታል፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አሥራ ዘጠኝ ቀን ተኛ። በየቀኑ ነገ እሄዳለሁ እላለሁ፤ በየቀኑ እሱ ሰው ይላክብኝ እንጂ ብዬ እቀራለሁ። በሃያኛው ቀን ሄድኩ። አልጋው ተነጥፎ ነበር፤ የደረስኩት ለቀብሩ ነው። መሰላሉ ዛሬም ቤቴ አለ። እርከኑን ጠግኜዋለሁ፤ የፈጀብኝ አምስት ደቂቃ ነው።

ወረቀቱንና እስክርቢቶውን ለጸጉር አስተካካዩ ሰጠሁት። «ያዝ፣ አንተ ጻፍ» አልኩት። «ሲነበብ እንዲታወቅ አድርገህ ጻፍ።»

ደረጃው ሃያ ስድስት ነው። ሲስተር ከጠረጴዛቸው ቀና ብለው አዩኝ። «አልጋ አሥራ ሁለት» አሉ።

አልጋ አሥራ ሁለት ጥግ ላይ ነው። የተኛው ሽማግሌ እግሩ በጀሶ ታስሯል። ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«የማን ጠያቂ ነህ?»

«ያንተ።»

«አላውቅህም።»

«እኔም አላውቅህም።»

«እንግዲያው ማንም አልዋሸም። ተቀመጥ። ወንበሩን ግን ተጠንቀቅ፣ ያነክሳል፤ ትናንት ሐኪሙን ጥሎታል።»

ወንበሩን ገልብጬ አየሁት። እግሩ ከመቀመጫው ላልቷል፣ ብሎኑ ሊወድቅ ደርሷል። «ይኼን የሠራው ሰው ምን በድለውት ነው?» አልኩ ለራሴ።

«አናጢ ነህ እንዴ?» አለ ሽማግሌው፣ ክርኑ ላይ ተደግፎ ቀና እያለ። ፊቱ ላይ ደም መጣ። «እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት ግድግዳ ለስኛለሁ። እናንተ አናጢዎች በሩን አጣማችሁ ታቆሙና ጥፋቱን በልስን ታላክካላችሁ!»

«ልስኑ ሲጠምም በሩ ምን ያድርግ?»

«ልስን አይጠምም! ልስን ግድግዳውን ነው የሚከተል!»

«ያንን ማንኪያ አቀብለኝ።»

«ለምን?»

«ብሎኑን ላጥብቅ። እግሩን ያዝልኝ።»

እሱ ከአልጋው ላይ ተንጠራርቶ የወንበሩን እግር ያዘ፣ እኔ በማንኪያው ጭራ ብሎኑን አጠበቅኩ። አንድ እግር ስናስተካክል ስለ ግንብ ተጣላን፣ ሁለተኛው ላይ ስለ ጣውላ፣ ሦስተኛው ላይ የማናውቀውን አንድ መሐንዲስ ተባብረን ሰደብነው። ትከሻዬን ሰው ሲነካኝ ሲስተር ናቸው፤ መዝገቡን ይዘዋል።

«አርባ ደቂቃ ሆነዎት» አሉ። «ይፈርሙ።»

ፈረምኩ። ከፊርማዎቼ ሁሉ መጥፎው እሱ ነው። ሲስተር ከሥሩ መስመር አሰመሩና «ሠላሳ» አሉ።

በሩ ብርግድ አለ። እትዬ ጠጋ በሉ ላብ በላብ ሆነው ገቡ። በአንድ እጃቸው አንድ የቧንቧ ሠራተኛ በክንዱ ይዘዋል፤ ሰውየው ትከሻው ላይ ሁለት ሜትር የሚሆን ቱቦ እንደተሸከመ ነው። «አገኘሁ! ሲስተር፣ አንድ ሰው አገኘ…» ሲሉ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ። እኔ፣ ወንበሬ ላይ፣ ማንኪያ በእጄ።

ዝም አሉ። ከማውቃቸው ጀምሮ እትዬ ዝም ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። በልቤ እስከ አምስት ቆጠርኩ።

«ሠላሳው ደርሶልዎታል፣ እትዬ» አሉ ሲስተር።

የቧንቧ ሠራተኛው ፊቱ በራ። «ከደረሰማ እኔ ልሂድ።»

«የት?» አሉ እትዬ። «የት ነው የምትሄደው? አልጋ ስድስት ከጠዋት ጀምሮ ግድግዳ ሲያይ ነው የዋለ። ቱቦህን እዚያ አቁምና ተቀመጥ!»

ሰውየው ቱቦውን ጉልበቱ መሐል አቁሞ ተቀመጠ። እትዬ በአጠገቤ ሲያልፉ የወንበሬን መደገፊያ ያዝ አድርገው ነቅነቅ አደረጉት፤ እንደማይነቃነቅ አይተው አለፉና አልጋ ዘጠኝን ለምን ምሳውን እንዳልጨረሰ ይጠይቁት ጀመር። መስኮቱ ይንቀጠቀጣል።

ለሳኙ ሽማግሌ በግርምት በዓይኑ ተከተላቸውና ወደኔ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ይቺ ጯሂ ሴትዮ ምንህ ናት?»

የአባላት ጉዳይ ኃላፊ ልለው አሰብኩ። ጡረታ የወጡ ቲኬት ቆራጭ ልለው አሰብኩ።

«እህቴ ናት» አልኩት።

«እግዜር ያጽናህ» አለኝ፣ ከልቡ አዝኖ።